ከኋላ የሚሮጠውን ማን ያየዋል?

ሰሞኑን በመመገቢያ አዳራሻችን አንድ ክርክር ተነሥቷል። በኅዳር ወር አዲስ አበባ ላይ ለሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ካናቴራ እንግዛ ወይስ አንግዛ የሚል ነው። አንደኛው ወገን «በዓመት አንድ ጊዜ የሚገኝ ደስታ እንዴት ይቀራል!» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «ገንዘብ ከፍለን የኩባንያ ማስታወቂያ በደረታችን ተሸክመን የምንሮጠው ምን ነክቶን ነው?» ሲል ይመልሳል። ክርክሩ ከሽሮው ጋር ይጀመርና ሻዩ ሲያልቅ እንደ ተንጠለጠለ ይቀራል። እኔ ባለፈው ኅዳር ከሮጡት አንዱ ስለ ሆንሁ፣ ሁለቱም ወገኖች ያላነሡት ነገር አለኝና በዚህ ግድግዳ ላይ ላቀርበው ወደድሁ።

በቅድሚያ ለማያውቀው ጥቂት ላስታውስ። ይህ ሩጫ የተጀመረው በ1994 ዓ.ም. ነው። ያቋቋመው በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያመጣልን አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 10 ሺህ ሰው ተሳተፈ፤ አንደኛ የወጣውም ራሱ ኃይሌ ነበር። ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ዛሬ የተሳታፊው ቁጥር ከ40 ሺህ በላይ ደርሷል። አብዛኛውን ጊዜ መነሻው መስቀል አደባባይ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ማለት ነው። ከፊት የሚሮጡት አትሌቶች ናቸው፤ ወንዶቹ አብዛኛውን ጊዜ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ይጨርሳሉ። ከኋላቸው የሚጎርፈው ግን ሰፊው ሕዝብ ነው፦ ተማሪ፣ ነጋዴ፣ የቢሮ ሠራተኛ፣ የቤት እመቤት፣ ጡረተኛ።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ። ማስታወቂያ ነው የሚሉት ጓደኞቻችን አልተሳሳቱም። ለሩጫው የተመዘገበ ሰው የሚሰጠው ካናቴራ ነው፤ በካናቴራው ላይ ደግሞ ወጪውን የሸፈኑት ኩባንያዎች ስም ታትሟል። ከሩጫው ስም ፊት ሳይቀር የኩባንያ ወይም የምርት ስም ይቀድማል፤ አንድ ሰሞን የነዳጅ ኩባንያ ነበር፣ በሌላ ጊዜ የብቅል መጠጥ ሆነ። ይህ በእኛ አገር ብቻ የታየ ነገርም አይደለም። የለንደን ማራቶን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 ዓ.ም. ሲጀመር የደገፈው የጢም ምላጭ አምራች ነበር። ከዚያ ወዲህ ቸኮሌት አምራቹም፣ የዳቦ ቅባት አምራቹም፣ ባንኩም በየተራው ስሙን አስቀድሟል። ኩባንያ ገንዘቡን ለጽድቅ ብቻ አያወጣም፤ 40 ሺህ ደረት አይቶ ነው የሚያወጣው።

ይሁን እንጂ ሒሳቡን እስከ መጨረሻው እንሥራው። ለ40 ሺህ ሰው ውሃ ማቅረብ፣ አምቡላንስ ማቆም፣ መንገዱን የሚጠብቅ ሰው ማሰማራት፣ ካናቴራውን ማሳተም፣ ይህ ሁሉ ወጪ ነው። ኩባንያው ባይከፍል ኖሮ ወይ ካናቴራው ከነጭራሹ የማይቀመስ በሆነ፣ ወይ ሩጫው በቀረ ነበር። ስለዚህ ልውውጥ ነው። ልውውጥ መሆኑን አውቆ የሚሮጥ ሰው አልተታለለም። የሚታለለው የተጻፈበትን ሳያነብ የሚለብስ ነው። እኛ ነገ ልጆችን ማንበብ የምናስተምር ሰዎች የራሳችንን ደረት ማንበብ አያቅተንም ብዬ አምናለሁ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ይህን ለማስረዳት ግን ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ሊኖርብኝ ነው።

የ6ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በሰውነቴ ከበድ ያልሁ፣ በእግሬም ቀርፋፋ ነበርሁ። የአካል ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ መምህራችን ፈጣኖቹን ለሁለት ቡድን ይከፍሉና ኳስ ይሰጧቸዋል። እኔንና አራት አምስት መሰሎቼን «እናንተ ልብስ ጠብቁ» ይሉናል። ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን የሰው ሹራብና ደብተር ጠበቅን። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንዲያውም ደግ ነበሩ። አንድ ኳስ ለ60 ልጅ የሚያካፍል ሰው ምን ያድርግ? ዳሩ ግን በዚያ ዓመት የተማርሁት አንድ ነገር ነው፤ ሩጫ የእኔ አይደለም የሚል። ይህንንም ትምህርት ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል ይዤው ኖርሁ።

ባለፈው ዓመት ጓደኞቼ ጎትጉተው፣ ግማሹንም ገንዘብ አበድረው ወሰዱኝ። መስቀል አደባባይ ስደርስ አንድ ዓይነት ካናቴራ የለበሰው ሕዝብ አደባባዩን ሞልቶ አየሁና ልቤ ፈራ። ሩጫው ተጀመረ ቢባልም እኛ ከኋላ ያለነው ለረጅም ጊዜ ቆመን ነበር፤ ሰው ከመብዛቱ የተነሣ መራመድም አይቻልም። መንገዱ ሲከፈት ጓደኞቼ ጥለውኝ በረሩ። እኔም በወኔ ተከተልሁ፤ ነገር ግን አንድ ኪሎ ሜትር ሳልሞላ ጎኔን ወግቶኝ ቆምሁ።

እዚያ ላይ ነው ነገሩ የተለወጠው። ቀና ብዬ ሳይ ዙሪያዬ ያለው ሁሉ እንደኔ ነው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ አንዲት እናት ዱብ ዱብ እያሉ አለፉኝ። አንድ አባት ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ይራመዳል። ወጣቶች ክብ ሠርተው ይጨፍራሉ፣ ደግሞ ይሮጣሉ። ከመንገዱ ዳር የቆሙ ሰዎች በጆግ ውሃ ይዘው «አይዞህ፣ ደርሰሃል!» ይሉኛል፤ የት ደርሼ! ገና ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነኝ እኮ። ዳገቱ ላይ እኚያ እናት ቆመው ጠበቁኝና «ና እንጂ ልጄ፣ አብረን እንውጣው» አሉኝ። አብረን ወጣነው። አንድ ሰዓት ከ47 ደቂቃ ፈጅቶብኝ ገባሁ። ስንተኛ ወጣህ ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። በ40 ሺህ ሰው መካከል ቀርፋፋው ቦታ ካገኘ፣ በ60 ልጅ ክፍል ውስጥ ለምን ያጣል? ኩባንያ ደግፎት በከተማ መካከል የሚደረግ ሩጫ የመጨረሻውን ሰው በጭብጨባ ከተቀበለ፣ ትምህርት ቤታችን ልብስ የሚያስጠብቀው ለምንድን ነው?

አንዳንድ ጓደኞቼ «እንዲህ ከሆነማ ጀግና አትሌት ከየት ይወጣል? ፈጣኑ መመረጥ አለበት» ይላሉ። ይመረጥ፣ ማን ከለከለ! ነገር ግን በአርሲ በበቆጂ የሆነውን እናስታውስ። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያገኘችውን ደራርቱ ቱሉን፣ ከእርሷም በኋላ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በጅምራቸው ያሠለጠኗቸው አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ማን ነበሩ? የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአካል ማጎልመሻ መምህር ነበሩ። ከትልቅ ስታዲየም የተነሡ ሰው አይደሉም፤ ነገ እኔና አንቺ ከምንመደብበት ዓይነት ትምህርት ቤት የተነሡ ናቸው። ኃይሌም ቢሆን በአሰላ አካባቢ በልጅነቱ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ትምህርት ቤት ሲመላለስ ይሮጥ የነበረው ካናቴራና ስፖንሰር ኖሮት አልነበረም። መምህር ሁሉንም ልጅ ካላስሮጠ ፈጣኑ ማን እንደ ሆነ እንኳ በምን ያውቃል? በ6ኛ ክፍል ቀርፋፋ የሆነ ልጅ በ9ኛ ክፍልም ቀርፋፋ ይሆናል ያለው ማን ነው?

ደግሞስ ደራርቱን የሚያህል ከስንት ሺህ አንድ ነው። የቀሩት ልጆች ገበሬ፣ ነርስ፣ ሾፌር፣ መምህር ይሆናሉ። ለእነርሱም ሳንባና ልብ አላቸው። የአካል ማጎልመሻ ትምህርት ስሙ እንደሚለው አካልን ማጎልመሻ ነው፤ የጎለመሰውን መልምሎ ያልጎለመሰውን ማስቀመጫ አይደለም።

ስለዚህ አስተያየቴን ባጭሩ ላስቀምጥ። ካናቴራ መግዛት የቻለ ይግዛ፣ ይሂድ፣ ይሩጥ፤ ሳይሮጥ ለብሶት በግቢ ለመንሸራሸር ብቻ ግን አይግዛ። ሲሮጥም ከፊት ያሉትን አትሌቶች ብቻ ሳይሆን ከኋላ ያለውን ሕዝብ ይመልከት፤ ለመምህር የሚሆነው ትምህርት ያለው እዚያ ነው። ገንዘብ ያጠረው ደግሞ አይፈር። ከእኛ መካከል ከቤቱ የሚላክለት ለሳሙናና ለደብተር የማይበቃ ብዙ ነው፤ እኔም የካናቴራውን ዕዳ ከፍዬ የጨረስሁት ጥር ላይ ነው። ካናቴራ መግዛት ያልቻለ ሁሉ ከሩጫ ውጭ ይሁን ከተባለ፣ ያው ልብስ ጠብቁ መባል ነው።

ለዚህም አንድ ሐሳብ አለኝ። ታላቁ ሩጫ በሚደረግበት በዚያው እሑድ ጧት እኛም እዚሁ እንሩጥ። ከበሩ ተነሥተን የግቢያችንን አጥር አራት ጊዜ እንዙር። የሚያስፈልገው ገንዘብ የለም፤ ሁለት ባልዲ ውሃና ጥቂት ኩባያ ይበቃል። ሠልጣኙም፣ መምህራኑም፣ ወጥ ቤት የሚሠሩት እናቶቻችንም፣ ጥበቃዎቻችንም ይሳተፉ። ደንቡ ሦስት ብቻ ይሁን። አንደኛ፣ ማንም በያዘው ልብስና ጫማ ይሮጣል። ሁለተኛ፣ ሰዓት አይያዝም፣ ደረጃም አይሰጥም። ሦስተኛ፣ ቀድሞ የገባ ሰው ተመልሶ ሄዶ ከኋላ የቀረውን ይዞ ይገባል፤ የመጨረሻው ሰው ሳይገባ ማንም ወደ ቁርስ አይሄድም።

ለልምምዱ ከአሁኑ ብንጀምር ስምንት ሳምንት አለን። እኔ ያለ ልምምድ ሄጄ ጎኔን ስለ ወጋኝ የተማርሁትን ላካፍል። የእኛ አገር ከፍታ አየሩን ያሳሳዋል፤ ጀማሪ ሰው በፍጥነት ከተነሣ ወዲያው ትንፋሽ ያጥረዋል። ልኩን ማወቂያው ቀላል ነው፤ እየሮጡ ከጓደኛ ጋር ማውራት ከተቻለ ፍጥነቱ ተስማሚ ነው፣ ማውራት ካቃተ ቀነስ ማድረግ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ደቂቃ ሮጦ ሁለት ደቂቃ መራመድ፣ ይህን በሳምንት ሦስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ያህል መደጋገም፣ ከዚያ የሩጫውን ደቂቃ ቀስ በቀስ መጨመር ይበቃል። ከምግብ በላይ አለመሮጥ፣ የደረት ሕመም ወይም ሌላ ደዌ ያለበት ሰው ደግሞ ሐኪም ሳያማክር አለመጀመር ነው። ይህን ከእኔ ይልቅ የአካል ማጎልመሻ መምህራኖቻችን ያውቁታልና ልምምዱን እንዲመሩልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ሥራችን ግን በአጥሩ ዙሪያ አያበቃም። ሁላችንም በየገጠሩና በየከተማው እንመደባለን። በመጀመሪያው የአካል ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሜዳ ላይ እንወጣለን፤ አንድ ኳስ፣ ምናልባትም ምንም ኳስ ሳይኖረን። ያን ጊዜ ከሰልፉ ጫፍ ላይ ዓይኑን መሬት ላይ የተከለ፣ ስሙ እንዳይጠራ የሚጸልይ ልጅ ይኖራል። እኔ ያን ልጅ አውቀዋለሁ። እርሱን ልብስ እንዳናስጠብቀው። «ና እንጂ ልጄ፣ አብረን እንውጣው» እንበለው።

እሑድ ለሚሮጥ ሰው የስም መመዝገቢያ ወረቀት ከዚህ ጋዜጣ ጎን ተለጥፏል። እርሳሱ በክር ታስሯል፤ እባካችሁ አትውሰዱት።

ከአንድ የሁለተኛ ዓመት ሠልጣኝ