ከትምህርት መልስ ያሉት ሰዓታት

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ብዙዎች ጣታቸውን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ ቀሰሩ። እኛ ግን ውድቀቱ የጀመረው ሦስተኛ ክፍል ደርሶ አንድ አንቀጽ አንብቦ መረዳት ካቃተው ሕፃን ነው እንላለን።

ይህን ሕፃን ለመርዳት የሚያስችል ጊዜ አለ፦ ከትምህርት መልቀቂያ እስከ ወላጅ ከሥራ መመለሻ። አቅም ያለው ቤተሰብ ለዚህ ሰዓት አስጠኚ ይቀጥራል። የጉሊት ነጋዴዋ ልጅ ግን ወይ በር ተቆልፎበት ይቆያል፣ ወይ መንገድ ላይ ነው።

ማጠናከሪያ ትምህርት የሚባል ነገር መኖሩን እናውቃለን። ሆኖም ቀኑን ሙሉ ሲያስተምር የዋለ መምህር ያለ ተጨማሪ ክፍያ፣ ያንኑ ትምህርት ለዚያው ለታጨቀ ክፍል ድገም ሲባል፣ የሚገኘው ውጤት ሪፖርት ነው። ሪፖርቱም የሚቆጥረው የተገኙትን እንጂ ማንበብ የቻሉትን አይደለም።

ፓርቲያችን ቢመረጥ በአዲስ አበባ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህሩ ለሚሠራበት ተጨማሪ ሰዓት ይከፈለዋል። ሕፃናቱ በክፍላቸው ሳይሆን በንባብ ደረጃቸው፣ በትንንሽ ቡድን ይማራሉ። ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም፤ በህንድ ፕራታም የተባለ ድርጅት የሠራበትና በጥናት ተፈትኖ ውጤቱ የታየ ዘዴ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ የተዘረጋውን የተማሪዎች ምገባ በጎነት አንክድም፤ መክሰስ ይጨመርበት።

ሰዓቱ በሙሉ ጥናት ይሁን አንልም። አገራችን በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 31 ዕረፍትንና ጨዋታን የሕፃን መብት አድርጓቸዋል። ኳስ ይኑር፣ ቤተ መጻሕፍቱም ይከፈት። የፖለቲካ ስብሰባ ግን፣ የእኛንም ጨምሮ፣ ወደዚያ ግቢ አይገባም፤ ትምህርት ከፖለቲካ ነፃ እንዲሆን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ደንግጓል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚሉን፣ አንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድዳል። ለድግስና ለባነር በጀት የማያጣ አስተዳደር ለዚህ የለኝም ሊል አይችልም። የተመደበው ብርና የወጣው ወጪ በየወሩ በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ የወላጅ መምህር ኅብረትም ይቆጣጠረዋል። በየመንፈቀ ዓመቱ እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ጮክ ብሎ እንዲያነብ ይደረጋል፤ ውጤቱም ለወላጁ ይነገራል።