ከሪአክተር በፊት ስልክ

አክስቴ ማሯን ሸጣ፣ ከማሻ በጎሬና በበደሌ አድርጋ አዲስ አበባ ገባች። እንቅርቷን በነጠላ ሸፍናዋለች። የስካን ቀጠሮ ነበራት። በቀጠሮዋ ቀን ሆስፒታሉ (ስሙ ይቅር) «መድኃኒቱ ከውጭ አልገባም» አላት። «ምን ዓይነት መድኃኒት ነው እዚህ አገር የማይቀመጥ?» ብላ ጠየቀችኝ። የጋዜጠኝነት ዲግሪዬን ይዤ አፌ ተያዘ!

በኋላ አነበብኩ። ቴክኒሺየም-99ኤም ይባላል። በደም ሥር ይወጋል፤ ጨረሩን ጋማ ካሜራ እያነበበ የእንቅርቱ የትኛው ክፍል ከልክ በላይ እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደተኛ ያሳያል። ታዲያ በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ስለሚቀንስ ማንም አያከማቸውም። በአውሮፕላን የሚጓዘው ወላጁ ሞሊብዲነም-99 ነው፤ እሱም በ66 ሰዓት ይጋመሳል። የሚመረተው በጥቂት አገሮች ሪአክተሮች ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የካናዳው ቾክ ሪቨር ሪአክተር ሲቆም ሀብታም አገሮችም ቀጠሮ ሰርዘዋል።

ስለዚህ ጭነቱ ለምን ዘገየ ብዬ ሐኪም አልወቅስም። ማሻ ላይ ጋማ ካሜራ ይተከል የሚል ቅዠትም የለኝም። ግን ዕቃው መግባቱ ሳይረጋገጥ የሩቅ አገር ሰው ለምን ይጠራል? ማሻ እኮ ስልክ አለ! «እማማ፣ ዕቃው አልገባም፤ አሁን አይነሱ፣ ሲገባ እንደውላለን» ለማለት ሪአክተር አያስፈልግም። አንድ የቀጠሮ መዝገብና የሁለት ደቂቃ ካርድ ይበቃል።

አይሶቶፑ ለመጋመስ 6 ሰዓት አለው። የአክስቴ የማር ገንዘብ ግን መንገድ ላይ ነው ያለቀው።