ጨለማው የፊልሙ ነው ወይስ የቅጂው?

የድሮ የወንጀል ምርመራ ፊልም በተማሪዎች መካከል በታየ ቁጥር አንድ የተለመደ ፍርድ ይሰማል። «ታሪኩ ደኅና ነው፤ ግን የድሮ ስለሆነ አይታይም፤ ጨለማ ነው» ይባላል። ይህን የሚሉት ሲኒማ የሚጠሉ ሰዎች አይደሉም። እንዲያውም ቅዳሜ ማታ ወንበር ለመያዝ ቀድመው የሚመጡት እነሱ ናቸው። ዳሩ ግን ፍርዱ የተሰጠው ችሎት ባልቀረበ ተከሳሽ ላይ ነው። የቀረበው ፊልሙ ሳይሆን የቅጂው ቅጂ፣ የዚያም ቅጂ ነው። ጨለማው ከፊልሙ ዕድሜ ሳይሆን ከአባዛዛችንና ከአሳያየታችን የመጣ መሆኑን ለማስረዳት፣ በኛም በኩል ምን ሊደረግ እንደሚቻል ለማመልከት ይህን ጽፌአለሁ።

«ሥዕሉ ቢደበዝዝስ ምን ይጎዳል? ዋናው ታሪኩ አይደለም ወይ?» የሚል ክርክር እንደሚነሣ አውቃለሁ። ለዘፈን ወይም ለፍቅር ፊልም ክርክሩ ጥቂት ያስኬድ ይሆናል። የመርማሪ ፊልም ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ተመልካቹን ከመርማሪው ጎን አቁሞ «አንተም ተመልከት፤ አንተም መርምር» ይለዋል። በጠረጴዛው ላይ የቀረው የሲጋራ ቁራጭ፣ በጫማው ላይ ያለው ጭቃ፣ በበሩ ሥር የሚያልፈው ጥላ ሁሉ ማስረጃ ነው። በቀድሞው የአውጫጭኝ ሥርዓት ወንጀል በተፈጸመበት አገር ሕዝቡ ተሰብስቦ እየማለ ያየውንና የሰማውን ይናገር ነበር። «አይቻለሁ» በሚልና «ሲሉ ሰምቻለሁ» በሚል ምስክር መካከል ያለውን ልዩነት ያልተማረውም ገበሬ ያውቀዋል። ማስረጃው በማይታይበት ቅጂ የመርማሪ ፊልም የሚያይ ተማሪ በመጨረሻው ሰዓት መርማሪው ሲያብራራ ብቻ የሚሰማ የስሚ ስሚ ምስክር ሆኖ ይቀራል።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ባዚል ራትቦን ሼርሎክ ሆልምስን ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1939 እስከ 1946 ድረስ በ14 ፊልሞች ተጫውቷል። ከእነዚህ አንዱ በ1943 የወጣው «ሼርሎክ ሆልምስና ምስጢራዊው መሣሪያ» ነው። በዚህ ፊልም የምስጢሩ ቁልፍ ባዶ በሚመስል ወረቀት ላይ ይገኛል። በላዩ የነበረው ወረቀት ሲጻፍበት የብዕሩ ጫና ወደ ታች አልፎ ምልክቱን ትቷል፤ ምልክቱም እንደሚጨፍሩ ሰዎች ሆነው የተሣሉ ጥቃቅን ምስሎች ናቸው። በጠራው ቅጂ ተመልካቹ ከሆልምስ እኩል ዓይኑን አጥብቦ ያያል። በደብዛዛው ቅጂ ግን የሚታየው ነጭ ወረቀትና አንድ ረጅም ሰውዬ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ «ይህ ፊልም አልገባኝም» ቢባል ምን ይደንቃል?

አሁን ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ከ14ቱ ፊልሞች መካከል በመጥፎ ቅጂ በዓለም ላይ የተበተኑት በተለይ አራት ናቸው፤ ይኸውም ከላይ የጠቀስሁት፣ «አረንጓዴ የለበሰችው ሴት» (1945)፣ «ሽብር በሌሊት» እና «ለመግደል የለበሰች» (ሁለቱም 1946) የተባሉት ናቸው። ምክንያቱ የእነዚህ አራት ፊልሞች የባለቤትነት መብት በአሜሪካ በጊዜው ሳይታደስ በመቅረቱ ነው። የሁሉም የሆነ ነገር የማንም አይሆንም። ማንም ነጋዴ ያገኘውን የተቧጨረ ቅጂ እያባዛ በካሴት፣ በኋላም በዲቪዲ ሸጠው፤ የተሻለውን ለመፈለግ ግን የተገደደ አልነበረም። መድኃኒቱን ያመጣው አንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። በሎስ አንጀለስ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልምና የቴሌቪዥን ቤተ መዛግብት የዩኒቨርሳል ኩባንያ የሠራቸውን 12ቱን የሆልምስ ፊልሞች ካሉት ሁሉ የተሻለውን የፊልም ጥቅል እየፈለገ አደሳቸው። ዛሬ ያንን የታደሰ ቅጂ ያየ ሰው «የድሮ ፊልም ጨለማ ነው» ለማለት አፉ አይታዘዝለትም።

የምሕንድስና ተማሪዎች ስለሆንን ነገሩን በቁጥር እንየው። የዚያ ዘመን ፊልም የሚነሣው በ35 ሚሊሜትር ጥቅል፣ በሰከንድ 24 ሥዕል እየሆነ ነው። ጥቁርና ነጩ ሥዕል የሚቆመው በጥቃቅን የብር ቅንጣቶች ስለሆነ በጥቁርና በነጭ መካከል እጅግ ብዙ ዓይነት ግራጫ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1976 በጃፓን የወጣው የቪኤችኤስ ካሴት ከዚህ ውስጥ ሊይዝ የሚችለው በአግድሞሽ ሲለካ 240 መስመር ያህል ብቻ ነው። የቪሲዲ ሥዕል በኛ የቴሌቪዥን ሥርዓት 352 በ288 ነጥብ ሲሆን፣ የዲቪዲ 720 በ576፣ የብሉሬይ ደግሞ 1920 በ1080 ነው። ስለዚህ በቪሲዲ ያለው የነጥብ ብዛት በብሉሬይ ካለው ከሃያ አንዱ እጅ ያህል ነው። ይህም ቅጂው ቀጥታ ከዋናው ሲወሰድ ነው። ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ ግን በየትውልዱ ሌላ ኪሳራ ይጨመርበታል።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአንድ መምህር የወጣ የትምህርት ማስታወሻ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ፣ የዚያም ኮፒ ሌላ ኮፒ ሲወለድለት፣ ለፈተና ሲደርስ የሁለቱ ስኩዌር ከሦስቱ ኪዩብ የማይለይበት ወረቀት በእጃችን እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። በዚያን ጊዜ «መምህሩ መጻፍ አይችሉም» አንልም፤ «ኮፒው መጥፎ ነው» እንላለን። ለመምህሮቻችን የሰጠነውን ፍርድ ለፊልም ሠሪዎች ስለምን እንነፍጋለን?

ዛሬ በአዳማ ከተማ ፊልም የምናገኘው በአብዛኛው በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ከሚጭኑልን ሱቆች ነው። ዲጂታል ስለሆነ አይደክምም የሚል እምነት አለ፤ እውነትነቱ ግን ግማሽ ነው። ፋይሉ እንዳለ ሲገለበጥ አይደክምም። ብዙ ፊልም በአንድ ፍላሽ እንዲገባ ሲጨመቅ ግን ይደክማል። አንድ ተራ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል፤ በሱቁ የምናገኘው ፊልም አንዳንድ ጊዜ 300 ሜጋባይት ነው። የመጭመቂያው ሥርዓት ቦታ ለመቆጠብ በቅድሚያ ከሚሠዋቸው ነገሮች አንዱ የጨለማው ዝርዝር ነው፤ የሰው ዓይን አያስተውለውም ብሎ ይገምታልና። በዚህም ምክንያት ጥላው ወደ ትልልቅ ጥቁር ካሬዎች ይለወጣል። በቀን ብርሃን ለተነሣ የዘፈን ፊልም ጉዳቱ አነስተኛ ነው። የመርማሪ ፊልም ግን ኑሮው ከጥላ ጋር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣውን የካሮል ሪድን «ሦስተኛው ሰው» እንውሰድ። በቪየና ከተማ፣ በሌሊት፣ በአንድ በር ጥግ አንድ ሰው ቆሟል፤ ድመት እግሩ ሥር ትታከካለች፤ ድንገት ከላይ ካለው መስኮት ብርሃን ፊቱ ላይ ያርፋል። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ያላየ ይይ። የፊልሙ ካሜራ ሠሪ ሮበርት ክራስከር በዚህ ሥራው የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። የተሸለመበት ጥላ በ300 ሜጋባይት ፋይል ውስጥ የለም። በ2015 በ4ኬ በታደሰው ቅጂ ግን የበሩ ድንጋይ እንኳ ይታያል።

ይህን ስል የቪዲዮ ቤቶችን ለመንቀፍ አይደለም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ፣ በመቂና በባቱ መንገድ ዳር፣ በአግዳሚ ወንበርና በአንድ ቴሌቪዥን ዓለምን ለሕዝብ ያሳዩት እነሱ ናቸው። ሲኒማ ቤት ባልነበረበት ቦታ ሲኒማ ሆነው አገልግለዋል። ያን ጊዜ ከደብዛዛው ካሴት ሌላ ምርጫ ስላልነበረ ማንም ሊወቀስ አይገባም። እኛ ግን ምርጫ አለን። ምርጫ እያለው ደብዛዛ ማስረጃ ተቀብሎ በተራኪው ቃል ብቻ መፍረድን የለመደ ተማሪ፣ ነገ በላቦራቶሪም ሆነ በመሥሪያ ቤት ይኸንኑ እንዳያደርግ ያሰጋል።

ሌላው ጥፋት ከቅጂው ሳይሆን ከቴሌቪዥናችን ነው። የዚያ ዘመን ፊልም ቅርጹ አራት በሦስት ያህል ነው፤ የዛሬው ቴሌቪዥን አሥራ ስድስት በዘጠኝ ነው። በግራና በቀኝ ጥቁር ባዶ ቦታ መታየቱ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ «ለምን ባዶ ይሆናል» ተብሎ ሥዕሉ ወደ ጎን ይለጠጣል። ቀጭኑ ሆልምስ እንደ ወፍጮ ቤት ጌታ ይወፍራል። አንዳንዱም ደግሞ ሥዕሉን ያጎላውና የሰዎቹን አናት ይቆርጣል። ይህን ለማረም ሪሞቱን ማንሣት ብቻ ይበቃል፤ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

የጠራ ሁሉም መልካም ነው ማለቴም አይደለም። የፊልሙን ቅንጣት ጨርሶ አጥፍተው ፊትን እንደ ሰም የሚያለሰልሱ ቅጂዎች አሉ። ጥቁርና ነጩን በቀለም የሚነክሩም አሉ። ይህም ያው የማስረጃ ብክለት ነው። አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ያሉት ለዚህም ይሠራል። ጥሩ ቅጂ ማለት ለምንጩ የቀረበ እንጂ የተቀባባ ማለት አይደለም።

«ይህ ሁሉ ለፈረንጅ ፊልም ነው ወይ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በራሳችን ፊልሞች ላይ የመጣው አደጋ የባሰ እንጂ ያነሰ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. በ35 ሚሊሜትር፣ በጥቁርና ነጭ የተሠራው «ሂሩት አባቷ ማነው» የመጀመሪያው የአማርኛ ሙሉ ፊልም ነው። በ1966 ዓ.ም. የወጣው የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» ስለ ኦሮሞ የደም ካሣ ሥርዓት ይናገራል፤ ስለ መግደልና ስለ መታረቅ የሚናገር ስለሆነ ለኛ ከማንኛውም የለንደን መርማሪ ይቀርባል። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የፊልም ሽልማት በስሙ ስለተጠራ ስሙን የማያውቅ ጥቂት ነው። ከመካከላችን ፊልሙን በጠራ ሥዕል ያየ ግን ስንት ነው? በሌላ በኩል የኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» እ.ኤ.አ. በ1993 ወጥቶ፣ በ2021 በ4ኬ ታድሶ በኔትፍሊክስ ለዓለም ቀርቧል። የኢትዮጵያዊ ሥራ ሲታደስ ምን እንደሚመስል ከዚህ ይታያል።

ጊዜውም አይጠብቀንም። የካሴት ሪባን በሙቀት፣ በእርጥበትና በአቧራ ይበላሻል፤ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሙቀትና አቧራ ደግሞ ለሁላችንም የታወቀ ነው። ማጫወቻውም እየጠፋ ነው፤ በዓለም የመጨረሻው የቪኤችኤስ መሣሪያ አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራውን አቁሟል። በአሮጌ ቪዲዮ ቤት መደርደሪያ የቀረው ካሴት ማጫወቻው ከጠፋ የፕላስቲክ ጡብ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችንና ለመምህሮቻችን የሚከተለውን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ በፊልም ምሽት የሚታየው ቅጂ አስቀድሞ ይመርመር። ፊልሙ በማንና መቼ እንደታደሰ ከርእሱ ጋር በማስታወቂያ ሰሌዳ ይጻፍ። የታደሰ ቅጂ ካልተገኘ ሌላ ፊልም ይታይ።

ሁለተኛ፣ አዳራሹ በመጋረጃ ይጨልም፤ የሥዕሉ ቅርጽ አራት በሦስት ይሁን፤ እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰው የቴሌቪዥኑ ማስተካከያም ይጥፋ። ለዚህ ሥራ አንድ ኃላፊ ተማሪ ይበቃል።

ሦስተኛ፣ የኤሌክትሪክና የኮምፒዩተር ተማሪዎች በመምህራን መሪነት አሮጌ የካሴት ማጫወቻዎችን ጠግነው፣ በአዳማና በአካባቢው ከተሞች በግለሰብ እጅ ያሉትን የቆዩ የአማርኛና የኦሮምኛ ካሴቶች ወደ ዲጂታል ይለውጡ። ሥራው በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የባለመብቶች ፈቃድ እየተጠየቀ ይሁን፤ አንድ አንድ ቅጂም ለብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይላክ። የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ የሆልምስን ፊልሞች ማዳን ከቻለ፣ እኛ የጎረቤታችንን ካሴት ማዳን አያቅተንም።

ይህ ሐሳብ ገንዘብ ይፈጃል፣ ወይም ጊዜው አይደለም የሚል ካለ በሚቀጥለው ቁጥር ይጻፍና እንከራከር። እስከዚያው ድረስ ግን ጠራ ብሎ ባልታየ ፊልም ላይ ፍርድ ይዘግይ።

ከአንድ የምሕንድስና ተማሪ
አዳማ