የአንጎል ሥዕል የጋራ ይሁን

ዕውቀት እንደ ጎተራ እህል አይደለም። እህል ሲካፈሉት ይጐድላል፤ ዕውቀት ግን በተካፈሉት መጠን ይበዛል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን፣ የዓለም ሊቃውንት የአንጎልን ሥዕል ለሁሉ ክፍት አድርገው ማስቀመጣቸው ነው።

ኤምአርአይ የሚባለው መሣሪያ ራስ ቅል ሳይከፈት በማግኔት ኃይል የአንጎልን መልክ ያሳያል። ዋጋው ውድ ስለ ሆነ በየወረዳው አይገኝም። ሆኖም ኦፕንኒውሮን በመሳሰሉ የኢንተርኔት መዛግብት የብዙ ሺህ ሰዎች የአንጎል ሥዕል ያለ ክፍያ ይገኛል። አንዱ ለአንድ ጥያቄ ያነሣውን ሥዕል ሌላው ለሌላ ጥያቄ ይመረምረዋል፤ የፊተኛው ተሳስቶ እንደ ሆነም ያርመዋል።

አገራችን ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. «ድንቅነሽ ከዛፍ ወድቃ ሞተች» የሚል ጥናት ሲወጣ፣ የትከሻዋና የጉልበቷ አጥንት የኮምፒዩተር ሥዕል ለሕዝብ ተለቀቀ። ከሊቃውንቱ አንዳንዱ ሐሳቡን ተቀበለ፣ አንዳንዱ ተቃወመ፤ ሥዕሉን ያየ ሁሉ ግን በወሬ ሳይሆን በማስረጃ ሊከራከር ቻለ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ያገኟት የዲኪካዋ ሕፃን የሰላም ራስ ቅል በፈረንሳይ አገር በብርቱ ጨረር ተነሥቶ የተደረገው ጥናት ታተመ። ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረው አንጎል አቀማመጡ ወደ ቺምፓንዚ ያዘነበለ፣ ዕድገቱ ግን እንደ ሰው ልጅ ረጅም ጊዜ የሚፈልግ መሆኑ ታወቀ።

የሚያሳዝነው፣ የጥንቷ ሕፃን አንጎል እንዲህ ሲጠና የዛሬው የኢትዮጵያ ልጅ አንጎል በእነዚያ መዛግብት እምብዛም አለመገኘቱ ነው። የፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት የቡታጅራ ጥናት ከ1000 ሰው 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት አሳይቷል። የበሽተኛው ሥዕል ከጤነኛ ሥዕል ጋር ይመዛዘናል፤ መመዘኛው የሌላ አገር ሰው ብቻ ከሆነ ፍርዱ ሊሳሳት ይችላል።

«የሰው ራስ እንዴት ለማንም ይታያል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ሳይፈቅድ፣ ስሙ ሳይሠወር፣ የፊቱም መልክ ከሥዕሉ ሳይፋቅ መሰጠት የለበትም። እንዲሁም የእኛ ሰው ሳይመረምረው ለውጭ ሊቅ ብቻ ተልኮ የሚቀር ከሆነ፣ ይህ መገበር እንጂ ማካፈል አይባልም።

እንግዲህ ሆስፒታሎቻችንና ዩኒቨርሲቲዎቻችን በሕግ ይክፈቱ፤ እኛ ተማሪዎችም ሒሳብንና ኮምፒዩተርን ጠንክረን እንማር። መዝገቡ ለአምበር ተማሪም ተከፍቷል፤ የቀረው የሚያነበው ሰው ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።