ደጃፍ ላይ የተሰጠ መልስ

የክሬምሊን ቃል አቀባይ ዲሚትሪ ፔስኮቭ ስለ ዩክሬኑ ጦርነት በተጠየቁ ቁጥር የሩሲያ ሕዝብ በፕሬዚዳንቱ ዙሪያ ተሰባስቦ መቆሙን ከመናገር አልቦዘኑም፤ ማስረጃቸውም የሕዝብ አስተያየት ጥናት አኃዝ ነው። አኃዙ በእርግጥም ትልቅ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2016 «የውጭ ወኪል» ብሎ የፈረጀው የሕዝብ አስተያየት አጥኚ፣ የሌቫዳ ማዕከል እንኳ የሠራዊቱን ተግባር የሚደግፉት ሰዎች በማርች 2022 81 በመቶ መድረሳቸውን አስታውቋል። በጥርጣሬ የሚታይ ተቋም የመሰከረለት ቁጥር እንዴት ይታማል ነው ነገሩ።

ቁጥሩን ማንም አላማም፤ የሚታማው ከእሱ የተመዘዘው ድምዳሜ ነው። ሌቫዳ መልስ የሚሰበስበው በየቤቱ ጠያቂ እየላከ፣ ሰዎችን ፊት ለፊት በማነጋገር ነው። በሩን የከፈተው ሰው ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቅ እንግዳ ደጃፉ ላይ ቆሞ የሠራዊቱን ተግባር ይደግፍ እንደሆነ በትሕትና ሲጠይቀው፣ ስለ ሠራዊቱ «ሐሰተኛ መረጃ» የሚያሰራጭን እስከ 15 ዓመት በሚደርስ እስራት የሚያስቀጣው ሕግ ከጸደቀ ገና ሳምንታት ማለፋቸው ነበር። ለመጠይቅ የተሰጠ መልስ በዚህ ሕግ ያስከስስ አያስከስስ የሕግ ባለሙያ ይመርምረው፤ በር ላይ የቆመው ሰው ግን ለምርመራው ጊዜም ምክንያትም የለውም። ቀላሉ መልስ «አዎ» ነው፤ ከዚያም የቀለለው በሩን መዝጋት ሲሆን፣ በሩን የዘጋው ሰው ደግሞ ከመቶው ውስጥ አይቆጠርም። በዚህ ሁኔታ የተገኘን «አዎ» የሕዝብ ፈቃድ ብሎ ለመጥራት ድፍረት ያስፈልጋል፤ ቃል አቀባዩ ደግሞ በድፍረት አይታሙም።

81ዱ ሲፈታም የሚገኘው አንድ ወጥ ድጋፍ አይደለም። «በእርግጠኝነት እደግፋለሁ» ያሉት 53 በመቶ ሲሆኑ የቀሩት 28ቱ ወደ መደገፉ ያደላሉ የተባሉ ናቸው፤ በማግስቱ ወር እርግጠኞቹ ወደ 45 ወርደዋል። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ቲሙር ኩራን በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ ሰው በውስጡ የያዘውን ሸሽጎ በአደባባይ የሚጠበቅበትን የሚናገርበትን ልማድ ሲተነትን፣ የልማዱ ጉልበት ያለው ፍርሃት ላይ ብቻ አለመሆኑን ያሳያል፤ እያንዳንዱ ሰው የጎረቤቱን ልብ ማየት ስለማይችል የጎረቤቱን ንግግር እንደ ልቡ ይወስደዋል፣ የራሱንም ንግግር በዚያው ልክ ያስተካክላል። እንዲህ ከሆነ ከክሬምሊን መድረክ በየጊዜው የሚነገረው አኃዝ ድጋፉን ከመለካት አልፎ ያመርተዋል ማለት ነው።

ሴፕቴምበር 21 ቀን 2022 ከፊል የክተት አዋጅ ሲታወጅ ወደ ጆርጂያ በሚያሻግረው የላርስ ኬላ የተሰለፉት መኪኖች ይህንኑ አንድነት ምን ያህል እንደመሰከሩለት ቃል አቀባዩ ቢያብራሩ መልካም ነበር። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1975 ከወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በኋላ በደርግ ሰልፍ ላይ መፈክር ሲያሰማ የዋለ ወላጅ ማታ ልጁን ከአፈሳ ሲያሸሽ፣ የትኛው ተግባሩ እውነተኛ አቋሙ እንደሆነ የጠየቀው አልነበረም።

በኦክቶበር 2023 ሌቫዳ ፕሬዚዳንቱ ጦርነቱን በዚያው ሳምንት ለማቆም ቢወስኑ ይደግፉ እንደሆነ ሲጠይቅ 70 በመቶው እንደሚደግፍ መለሰ፤ የተያዙት ግዛቶች ይመለሳሉ የሚል ሲጨመርበት ግን ድጋፉ ወደ 34 አሽቆለቆለ። የመጀመሪያው መልስ ለጦርነት ሳይሆን ለወሳኙ ሰው መታዘዝን ይመስላል። ሁለተኛው ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም፤ ሕዝቡ በልቡ ተቃዋሚ ነው፣ አፉ ብቻ ታስሯል ብለው ለሚጽናኑትም አይመችም።

ፍርሃቱን ለመቀነስ የተሞከረ ዘዴ አለ፤ መላሹ ከዝርዝር ውስጥ የሚደግፋቸውን ነገሮች ብዛት ብቻ ስለሚናገር ጠያቂው የትኛውን እንደመረጠ ሊለይ አይችልም። በ2022 በዚህ ዘዴ በተደረገ ጥናት፣ በቀጥታ ሲጠየቁ 68 በመቶ የነበሩት ደጋፊዎች ወደ 53 ወረዱ። 53 ግን አሁንም ከግማሽ በላይ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ከመነሻው አምኖ፣ ስንቱ ደግሞ «አዎ» እያለ ሲኖር ኋላ አምኖ እንደመጣ መጠይቁ አይለይም፤ መላሾቹም ቢጠየቁ መለየታቸው ያጠራጥራል።