ልጅ ያቦካው

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው የአባቶች ምሳሌ እውነት ነው። ብርቱ ጕዳይን ለሕፃን የሚተው ሰው ጦሙን ያድራል። ነገር ግን ሕፃኑ በጓሮ ተቀምጦ ጭቃ በሚያቦካበት ጊዜ ከእርሱ እራት የሚጠብቅ የለምና፣ በዚህ ወር ስለዚሁ ስለ ጭቃው ቡኮ ለእናቶችና ለአባቶች ጥቂት ቃል ለመናገር ወደድሁ።

ባለፈው የዘመን መለወጫ ዕለት እንኳን አደረሳችሁ ለማለት ወደ አንዲት ዘመዴ ቤት ሄጄ ነበር። የቤቱ እመቤት ሌሊቱን ሙሉ ዶሮውን ስትሠራ ነግቶባት፣ እንግዶቿን በማስተናገድ ላይ ነበረች። የአምስት ዓመት ልጇ አዲሱን ነጭ የሀገር ልብስ ለብሳ፣ አበባ ይዛ ስትዘፍን ከቈየች በኋላ ከዓይናችን ተሰወረች። ጥቂት ቈይታ ግን ቀሚሷ እስከ ጕልበቷ በጭቃ ተለውሶ፣ በአንድ አሮጌ የድስት ክዳን ላይ ክብ የጭቃ እንጀራ ጋግራ፣ በላዩም የዐደይ አበባ ነስንሳ፣ በሁለት እጇ ይዛ ወደ እኔ መጣች። ጭቃው በምንጣፉ ላይ ተንጠባጠበ። እናቲቱም ድካምና እፍረት ባንድነት ቢይዟት የልጅቱን እጅ መታች፤ ክዳኑንም ነጥቃ ወደ ደጅ ወረወረችው። ልጅቱ አላለቀሰችም። ዝቅ ባለ ድምፅ «ለእንግዳ ነበር» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እናቲቱ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «ምን አጠፋች? እኔ ከሌሊት ጀምሬ ስሠራው ያደርሁትን ነው የሠራችው» አለችኝ። እኔም የምመልስላት አላገኘሁም፤ የተናገረችው እውነት ነበርና።

ዕቃ ዕቃ የምንለው ጨዋታ በሀገራችን ያላሳለፈው ሰው ጥቂት ነው። ሦስት ድንጋይ ጕልቻ ይሆናል፤ ገል ምጣድ ይሆናል፤ ቅጠሉ ጎመን፣ አሸዋው በርበሬ፣ ጭቃው ሊጥ ነው። አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ ሌላው ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ሆኖ ሲጨዋወቱ ላስተዋለ ሰው፣ የቤቱ ሥርዓት በሙሉ በትንሹ ተጽፎ ይታየዋል። እንግዳ ሲመጣ መነሣትን፣ ለታላቅ አስቀድሞ ማቅረብን፣ ያለውን ተካፍሎ መብላትን ሕፃናት የሚለማመዱት በዚያ ነው። በቤታችን ጭቅጭቅና ስድብ ካለም ያው በጨዋታቸው ይገለጣልና፣ ወላጅ የገዛ ጠባዩን ለማየት ቢሻ ከልጆቹ ማድቤት ራቅ ብሎ ያዳምጥ።

ሕፃኑ ከዚህ ሌላ በእጁ የሚማረው አለ። ውሃ ሲበዛ ቡኮው እንደሚቀጥን፣ ሲያንስ እንደሚሰነጠቅ፣ ጀበናው በፀሐይ ሲደርቅ እንደሚጠነክር ማንም ሳይነግረው ያውቃል። መጭመቁ፣ ማድቦልቦሉና መቅዳቱ የጣቶቹን ጅማት ያጠነክሩለታል፤ እነዚሁ ጣቶች ነገ እርሳስ የሚይዙ ናቸው።

ይህን ነገር በሌላ አገርም ያስተዋሉ አሉ። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮቤል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1837 ዓ.ም. በብላንከንቡርግ ከተማ ለሕፃናት የጨዋታና የሥራ ስፍራ ከፍቶ፣ በ1840 ዓ.ም. ኪንደርጋርተን፣ ማለትም የሕፃናት አትክልት ቦታ ብሎ ሰየመው። ራሔልና ማርጋሬት ማክሚላን የተባሉ እኅትማማችም በ1914 ዓ.ም. በለንደን፣ ዴፕትፎርድ በተባለው የድኾች ሠፈር፣ ሕፃናት በአትክልት መካከል በአየርና በብርሃን የሚያድጉበትን ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ኋላም በ1989 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ጨዋታን የሕፃን መብት አድርጎ ጻፈው።

ይሁን እንጂ የእናቶች ፍርሀት ከንቱ አይደለም። የወስፋት ዕንቍላል ከዓይነ ምድር ጋር ወደ አፈር ይገባል፤ በርጥብ መሬት ጥቂት ሳምንታት ከቈየ በኋላ ወደ አፍ የገባ እንደ ሆነ ሕፃኑን ያሳምማል። ሌላው የአንጀት ትል ደግሞ በባዶ እግር ቈዳ ሰርጾ ይገባል። በደጋው አገራችን ያለው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈርም፣ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር የረገጡትን ሰዎች እግር እንደሚያሳብጥ እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያ መርምሮ አስረድቷል። መከላከያውም ጫማ ማድረግና እግርን በውሃና በሳሙና መታጠብ ነው።

ስለዚህ ልጁን ከጭቃው ከመከልከል ይልቅ ጭቃውን ለልጁ ማሰናዳት ይሻላል። አፈሩ ከሽንት ቤት፣ ከቈሻሻ መጣያና ከብት ከሚውልበት ስፍራ ርቆ ይቈፈር። የላዩ ተገፍፎ የታችኛው ይወሰድ፤ ስባሪ ጠርሙስና ምስማር እንዳይኖርበት በወንፊት ይነፋ። ማታ ማታ ድመትና ውሻ እንዳይጸዳዱበት በክዳን ይሸፈን። ዕቃውም አሮጌ ጭልፋ፣ ማማሰያ፣ ቅልና የድስት ክዳን ቢሆን በቂ ነው፤ አፉ የሚቈርጥ ጣሳና በረኪና ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ግን ፈጽሞ አይሰጥ። በአጥር ሥር የበቀለውን አስተናግርና የጕሎ ፍሬ ነቅሎ መጣል ያስፈልጋል፤ ሁለቱም መርዝ ናቸውና። ውሃው በጆግ ይሰጥ እንጂ በባልዲ ሞልቶ አይተው፤ ትንሽ ሕፃን ስንዝር በማይሞላ ውሃ ሊሰጥም ይችላልና፣ አዋቂ ሰው ከአጠገቡ አይጥፋ። የልጁ ጥፍር ይቈረጥ፤ ጫማ ያድርግ፤ ከጨዋታው እንደ ተነሣ እጁን በሳሙና ይታጠብ። የመንጋጋ ቈልፍን የሚከላከለው ክትባት በተወለደ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ ያልተከተበ ልጅ ያለው ወላጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰደው።

እህልና ዱቄት ለጨዋታ አይሰጥ። ጤፍ የሰው ድካም ያለበት ነው፤ ሕፃኑም በአፈሩ እየተጫወተ እህልን ማክበር ይማር።

ይህ ጨዋታ የአንድ ወቅት ብቻ አይደለም። በክረምት ጭቃው ከደጅ ሞልቷል፤ በጣራው ክፈፍ ሥር ወይም በትንሽ ዳስ ውስጥ ልብስ ደርቦ ለአጭር ጊዜ ይጫወት፤ ነጐድጓድ ሲሰማ ግን ወደ ቤት ይግባ። በመስከረም አበባውና ለምለሙ ሣር ለወጡ ማጣፈጫ ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ የጧቱ ውርጭ እስኪያልፍ ጠብቆ ከረፋዱ ፀሐይ ጋር ይውጣ። በበጋ ውሃ በሚያንስበት ጊዜ ጎመን ወይም ምስር የታጠበበት ውሃ ለአንድ ቀን ቡኮ ይበቃል፤ አቧራው እንዳይነሣ አፈሩ አስቀድሞ ይረጭ። በበልግ ደግሞ ዝናቡ ራሱ ያቦካዋል። በጋራ መኖሪያ ቤት የሚኖሩ ወላጆችም ጓሮ የለንም ብለው ተስፋ አይቍረጡ። በአንድ ሳፋ የሚያዝ አፈር በደረጃው ሥር ወይም በግቢው ጥግ ሊቀመጥ ይችላል፤ ጎረቤታሞች ተስማምተው ልጆቹን በየተራ ቢጠብቁ ደግሞ ለሁሉም ዕረፍት ይሆናል።

አባቶችንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ወንድ ልጅ በዕቃ ዕቃ ሲጫወት ቢታይ «ሴታ ሴት» ተብሎ አይባረር። በጭቃ ማድቤት ውስጥ ለእኅቱ ውሃ ያቀረበ ልጅ፣ አድጎ በቤቱ የሚደክመውን ሰው ማገዝ አያሳፍረውም።

ያቺ ዘመዴ ከበዓሉ በኋላ ለልጆቿ በጓሮው ጥግ ስፍራ ለይታ፣ አንድ አሮጌ ቀሚስና ሸሚዝ የጭቃ ልብስ ይሁን ብላ ሰጠቻቸው። ልጅቱ ግን የመጀመሪያዎቹን ቀናት ወደዚያ አልቀረበችም ነበር። ስትጠራም «ምንጣፉ ይበላሻል» ትል ነበር አሉኝ። እናቲቱም ቃል ብቻ እንደማይበቃ ባየች ጊዜ ነጠላዋን አስቀምጣ፣ እርሷ ራሷ ከመሬት ተቀምጣ ጭቃውን ማቡካት ጀመረች። በሦስተኛው ቀን ልጅቱ መጥታ «እንዲህ አይደለም፤ ቀጥኗል» አለቻት።

በጥር ወር አንድ ዓርብ ቀን ተመልሼ ሄድሁ። ትንሹ ወንድሟ አፈር ይነፋል፤ እርሷ በኩባያ ውሃ እየለካች ታማስላለች። እኔን ባየች ጊዜ ድንጋይ ጠርጋ አስቀመጠችኝና ክዳኑን አቀረበችልኝ። «ዛሬ ዓርብ ስለ ሆነ ቅቤ የለውም» አለችኝ። እኔም እንደሚበላ ሰው ጐርሼ «እጅሽ ይባረክ» አልኋት። ያን ጊዜ በማድቤቱ ደጃፍ ቆማ የነበረችው እናቷ፣ «ለእኔስ አታቀርቢልኝም?» አለቻት። ልጅቱም ጥቂት አሰበችና፣ «አንቺ ገና እጅሽን አልታጠብሽም» ብላ መለሰችላት።