ፊልማችን በአሥረኛው ኮፒ ይጀምር



በተመራቂዎቻችን ዝግጅት ላይ ልናሳየው ስላሰብነው አጭር ፊልም ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁናል። ፊልሙ ልብ አንጠልጣይ ነው። ርዝመቱ ከ20 ደቂቃ አይበልጥም፤ የሚቀረጸውም ኩየራ ነው። ከአርሲ ነገሌ ተነስታችሁ ሻሸመኔ ልትገቡ ስትሉ የምታልፏት፣ አብዛኞቻችን ከመኪና መስኮት ብቻ የምናውቃት ከተማ ናት። እሷን የመረጥነው የአንድ ወንድማችን ቤተሰብ እዚያ ፎቶ ኮፒ ቤት ስላላቸውና ቤቱን ለሁለት ቀን ሊለቁልን ስለፈቀዱ ነው። በታሪኩ ሁላችንም ተስማምተናል። ያልተስማማነው በመጀመሪያው ትዕይንት ነው። ስክሪፕቱን የምንጽፈው ልጆች የያዝነው አቋም በየዶርሙ እየተቆራረጠ ከሚደርሳችሁ እዚሁ በጽሑፍ ብናቀርበው ይሻላል ብለናል።

ታሪኩ የሚነሳው ከ2008ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። ግንቦት 22 ቀን፣ ሰኞ፣ ከ250 ሺህ በላይ ተማሪዎች ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በተቀመጡበት ቀን የእንግሊዝኛው ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጭቶ ተገኘ፤ ፈተናውም በመላ አገሪቱ ተሰረዘ። መጀመሪያ የተያዘው ተለዋጭ ቀን ከዒድ አልፈጥር ጋር ስለተጋጨ እንደገና ተገፍቶ ሐምሌ ውስጥ ገባ። በፈተናው ቀናት ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘጋ። እኛ ያኔ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ያ ነገር ግን በታላላቆቻችን ላይ ብቻ አልቀረም። ከ2015 ጀምሮ ተፈታኞች ፍራሽና ብርድ ልብስ ይዘው ዩኒቨርሲቲ ግቢ እየገቡ የሚፈተኑት የፈተና ስርቆትን ለመከላከል ተብሎ ነው። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ የማያስታውስ በመካከላችን የለም። ስለዚህ ለአንድ ተማሪ ከአንድ ወረቀት የበለጠ የሚያስፈራ ነገር ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

ሌሎቹ ወንድሞቻችን ያቀረቡት ሐሳብ ይህ ነው፦ ፊልሙ በአውቶብስ ይጀምር። ተማሪዎች ተሳፍረዋል፣ መንገዱ ጭር ብሏል፣ ፊታቸውን የሸፈኑ ታጣቂዎች ከጫካ ወጥተው መኪናውን ያስቆማሉ። ከዚያ ጥቁር ስክሪን፣ ርዕስ። ተመልካቹን ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ይዞ እንደሚያስቀር አንክድም። የምንቃወመውም ስለሚይዝ ነው። በኅዳር 2012 ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱትን ተማሪዎች አስቡ፤ የልጆቻቸውን መጨረሻ ሳያውቁ ዓመታት ያለፉባቸው ቤተሰቦች አሉ። በሰኔ 2016 ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተነስተው ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ገርበ ጉራቻ አካባቢ የታገቱት እንደኛው ሴሚስተር ጨርሰው ወደ እናታቸው የሚሄዱ ልጆች ነበሩ። በዝግጅቱ ምሽት አዳራሽ ውስጥ ከሚቀመጡት መካከል ለዕረፍት ወደ ቤት በሄደ ቁጥር እናቱ በየሰዓቱ የምትደውልለት ስንቱ ነው? ያንን ፍርሃት አንስተን ለርዕሳችን ማድመቂያ ካደረግነው የተመልካቹን ቁስል ነካን እንጂ ፊልም ሠራን አይባልም። ደግሞም ታሪካችን ስለ ፈተና ነው፤ ታጣቂዎቹ ከሁለተኛው ደቂቃ በኋላ ምንም ሥራ የላቸውም።

ሌላም ቀላል የማይባል ነገር አለ። በአዲስ አበባ – ሐዋሳ መንገድ ዳር የፕላስቲክ ጠመንጃ ይዞ፣ ፊት ሸፍኖ መቆም የፊልም ሥራ መሆኑን የሚያልፈው ሹፌር አያውቅም። ሚሊሻውም አያውቅም።

እዚህ ላይ «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም ስሙ ተነስቶብናል። «እሱስ በጠለፋ አይደለም እንዴ የሚጀምረው?» ተብለናል። እውነት ነው፤ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ የምትሄድ ልጅ በፈረሰኞች ትጠለፋለች። ግን እዚያ ጠለፋው ራሱ ጉዳዩ ነው፤ ፊልሙ በሙሉ ስለዚያች ልጅና ስለ ፍርድ ቤቱ ነው። የተነሳውም እዚሁ አርሲ ውስጥ ከተፈጸመ እውነተኛ ታሪክ ነው። በ2006 መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት እግድ ትዕይንቱ መቋረጡም ትምህርት ሊሆነን ይገባል። የእውነተኛ ሰውን ሕይወት የነካ ፊልም የባለታሪኩ ጉዳይ ይከተለዋል። የእኛ ገጸ ባሕርያት ሁሉም ፈጠራ የሆኑት ለዚህ ነው።

አሁን የእኛን ትዕይንት እንንገራችሁ።

ቀኑ ቅዳሜ ግንቦት 20 ቀን 2008 ነው፤ ፈተናው ሁለት ቀን ቀርቶታል። በዓል ስለሆነ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ሬዲዮ የግንቦት 20 ዝግጅት ይሰማል። ማሽኑ አጠገብ የተቀመጠችው ልጅ ሰኞ ተፈታኝ ናት፤ የአጎቷን ሱቅ እየጠበቀች ታጠናለች። ከእናቷ ጋር በስልክ በኦሮምኛ ታወራለች፣ ከእንግዳ ደንበኛ ጋር በአማርኛ፤ ከኩየራ የመጣ ተመልካች ሌላ ዓይነት ልጅ ብናሳየው ይስቅብናል። አንድ ሰው ይገባል። ልብሱ ንጹሕ ነው፣ ሰላምታው ያማረ ነው፣ ገንዘቡን አስቀድሞ ይከፍላል። አንድ ወረቀት በግንባሩ ደፍቶ መስተዋቱ ላይ ያስቀምጥና «አሥር» ይላል። ማሽኑ መሥራት ይጀምራል። ዘጠኝ ኮፒ ይወጣል። አሥረኛው ሲገባ መብራት ይጠፋል።

ሬዲዮውም ዝም ይላል።

ሰውየው ዋናውን ወረቀት ያነሳል፣ ዘጠኙን ይቆጥራል። አሥረኛው ማሽኑ ሆድ ውስጥ ነው። ከፍቶ ሊስበው ሲል «በግድ ከተሳበ ይቀደዳል፣ ማሽኑንም ያበላሽብኛል፤ የአጎቴ አማና ነው» ትለዋለች። ልጅቷ እስካሁን ወረቀቱ ምን እንደሆነ አታውቅም። ተመልካቹ ግን ያውቃል፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ ከላይ ያለውን ጽሑፍ ለአንድ ሰከንድ አሳይተነዋልና።

ይህቺ ልጅ ከማታውቀው ወንድ ጋር በጨለማ ቤት ውስጥ ብቻዋን እንዴት ትቀመጣለች የሚል ጥያቄ ከእህቶቻችን ተነስቶ ነበር። መልሱም የመጣው ከእነሱው ነው። መብራቱ እንደጠፋ ልጅቷ ተነስታ በሩን ወለል አድርጋ ትከፍተዋለች፣ ወንበሯንም ደፉ ላይ አውጥታ ትቀመጣለች። ኸልዋ እንዳይሆን ብላ ያደረገችው ነገር ሰውየውን መንገደኛ ሁሉ እንዲያየው አደረገው። የትዕይንቱ ምርጥ እንቅስቃሴ ይህ ነው ብለን እናምናለን፤ ማንም ሳይጮህ፣ ማንም ማንንም ሳይነካ፣ ጭንቀቱ ከእሷ ወደ እሱ ይሻገራል።

ከዚያ ፀሐይ ትጠልቃለች። ኩየራን የሚያውቅ የአድቬንቲስት ሚሽኑንም ያውቃል። ለአድቬንቲስቶች ሰንበት ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ ያበቃል፤ ለእኛ በዚያው ደቂቃ መግሪብ ይገባል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ያልገባ ጎረቤት፣ አንድ ሽማግሌ መምህር፣ ልክ በዚያ ሰዓት መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርግ ይመጣል። «መብራት የለም፣ ጋሼ» ትለዋለች። «ይመጣል፣ እጠብቃለሁ» ብሎ ማሽኑ ላይ ተደግፎ ይቆማል። ሦስት ሰው፣ አንድ ክፍል፣ አንድ የማይታይ ወረቀት። ሰውየው መውጣት አይችልም፤ መቆየትም አይችልም።

ይህን ዓይነት ጭንቀት ከፊልም ትምህርት ቤት የተማርነው አይመስላችሁ። መድረሳ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። አላህ ከታሪኮች ሁሉ ያማረ ባለው በሱረቱ ዩሱፍ ውስጥ የንጉሡ መስፈሪያ በታናሽ ወንድሙ ጭነት ውስጥ ሲቀመጥ እኛ እናውቃለን፤ ወንድሞቹ አያውቁም። ፍተሻው ከሌሎቹ ጓዝ ይጀምራል። ቀጥሎ የሚከፈተው ጓዝ የማን እንደሆነ እየጠበቅን ትንፋሻችንን የያዝነው ስንት ጊዜ ነው? መጨረሻውን በቃላችን እያወቅነው እንኳ! የአላህን ቃል ከተማሪ ፊልም ጎን ለማቆም አይደለም፣ ሐሻ። ግን ከልጅነታችን ጀምሮ ጆሯችን የተገራው፣ አድማጩ እያወቀ ባለጉዳዩ የማያውቀውን ነገር በመጠበቅ ነው። አውቶብሱ ላይ የሚወጡት ታጣቂዎች ያስደነግጡናል፤ ድንጋጤ አንዴ ነው፣ ያልፋል። ማሽኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ግን መብራቱ እስኪመጣ ድረስ አይለቀንም።

የአዛኑ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉም በላይ አከራክሮናል። ከመካከላችን አንዱ አዛኑ ከሰውየው እርምጃ ጋር ተደርቦ ቢሰማ «ስሜት ይፈጥራል» አለ። ምን ዓይነት ስሜት? የውጭ አገር ፊልሞች ለአሥርታት ያስለመዱን ይህንኑ ነው፦ አዛን ከተሰማ፣ ሚናራ ከታየ፣ ቀጥሎ የሚፈነዳ ነገር አለ። በአዳራሹ ሙስሊም ያልሆኑ የክፍል ጓደኞቻችንም ይቀመጣሉ። በገዛ ፊልማችን አዛንን የአደጋ ምልክት አድርገን የምናሰማቸው ምን ጎደለብንና ነው?

ሙስጠፋ አልዐቃድን እናስታውስ። ሐለብ የተወለደው ይህ ሶሪያዊ ብዙዎቻችን በዒድ ሰሞን ያየነውን «አር-ሪሳላ»ን እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣ ዳይሬክተር ነው። ፊልሙ የሚጀምረው ሦስት ፈረሰኞች በረሃውን እያቋረጡ ለነገሥታቱ መልእክት ሲያደርሱ ነው፤ ማን ላካቸው፣ ምን ይዘዋል እያልን እንከተላለን። ይኸው ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ በጆን ካርፔንተር ዳይሬክተርነት የተሠራውን «ሃሎዊን» የተባለ የአሜሪካ አስፈሪ ፊልም በገንዘቡ ደግፎ አስወጣ። እሱ ደግሞ በገዳዩ ዓይን ይጀምራል፤ ለደቂቃዎች ቤቱን በእሱ ዓይን እያየን እንሄዳለን፣ ጭምብሉ ሲነሳ ገዳዩ የስድስት ዓመት ልጅ ነው። የሚገርመው በ«አር-ሪሳላ»ም ነቢዩ ﷺ ስለማይታዩ ሰዎቹ ካሜራውን ቀጥታ እያዩ ይናገራሉ። አልዐቃድ ካሜራ የማን ዓይን ነው የሚለውን ጥያቄ አሳምሮ ያውቀው ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ዐማን ላይ በደረሰው የሆቴል ፍንዳታ ከልጁ ጋር ሞተ፤ አላህ ይዘንላቸው።

የእኛ ካሜራ የልጅቷ ዓይን ነው። ደፉ ላይ ተቀምጣ ከምታየው ውጭ አያይም። አዛኑንም የምንሰማው እሷ በምትሰማበት ልክ ነው። መብራት ስለሌለ ድምፅ ማጉያው አይሠራም፤ ሙአዚኑ በባዶ ድምፁ ያሰማል፣ ከሩቅ፣ ከጋሪና ከባጃጅ ድምፅ በታች። ልጅቷ ጆሮዋን ቀና አድርጋ ትፈልገዋለች። የመግሪብ ወቅት አጭር ነው፤ እሷ ሱቁን ጥላ መሄድ አትችልም፣ ሰውየው አይወጣም፣ መምህሩም ይጠብቃል። አዛኑ እዚያ ላይ ማንንም አያስፈራራም። ጊዜ እየሄደ መሆኑን ይነግረናል፣ እሷም ማን እንደሆነች። ሰውየው ይስገድ አይስገድ አናሳይም፤ ሃይማኖቱ ለታሪኩ አያስፈልግም።

ሙዚቃ ይግባ አይግባ የሚለው ክርክርም በዚሁ ተዘግቷል፤ ትዕይንቱ ሙዚቃ አይፈልግም። ዑለማዎቹን ሳናስቸግር ተገላገልን።

ትዕይንቱ የሚያበቃው መብራቱ ሲመጣ ነው። ከዚያ በፊት ሰውየው ዘጠኙን ይዞ ወጥቷል፤ ከመምህሩ ጋር አብሮ መቆሙን አልቻለበትም። ሬዲዮው በድንገት ይጮኻል። ልጅቷ የማሽኑን ጎን ከፍታ የተጨማደደውን አሥረኛ ኮፒ ቀስ ብላ ታወጣለች። ጽሑፉ ወደ ታች ነው። መምህሩ መታወቂያውን ዘርግቶ ይጠብቃል። ወረቀቱን ከመገልበጧ በፊት እንቆርጠዋለን፣ ርዕሱ ይመጣል። ትገልብጠው፣ ትቅደደው፣ ለመምህሩ ትስጠው፣ ቀሪው ፊልም የእሱ ነው።

የአውቶብሱን ሐሳብ የያዛችሁ ወንድሞች ሐሙስ ከዒሻ በኋላ በሚደረገው ስብሰባ ላይ ተቃውሟችሁን ይዛችሁ ኑ። አንድ ነገር ግን አስቀድመን እንንገራችሁ። ለፊልም ተብሎ ከወቅቱ ውጭ አዛን ማስባል ስላልፈለግን የምንቀዳው እውነተኛውን የመግሪብ አዛን ነው። ያለ ድምፅ ማጉያ እንዲሆን ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት መብራት መጥፋት አለበት። መቅጃ ያለው ወንድማችን ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ኩየራ ይቀመጣል። ብዙ የሚያስጠብቀን አይመስለንም።